እርሳስ

አባታችን መረብ ይሠራ ነበር፣ ሽምብጥ፣ ከሐይቁ ዳር፣
ከውኃው ሦስት አጥር ወዲህ፣ ከባምባው ሥር።
መረብ ያለ ክብደት አይሰጥምም፤ እንደ ቅጠል ይንሳፈፋል፤
ቀረሶ ከሥሩ ስቆ ያልፋል።
ስለዚህ ከየጋራዡ የሞተ ባትሪ በኪሎ ይገዛል፣
ሆዱን በፋስ ይከፍታል፣
አሲዱን ከጌሾው ግርጌ ይደፋል።
ጌሾው በሁለተኛው ክረምት ደረቀ።
«መሬቱ ሰንፎ ነው» አለ አባቴ፤ ሌላ አልጠየቀ።

ማታ ማታ በከሰል ላይ ብረት ድስት ይጣዳል።
ያ ግራጫ ነገር መጀመሪያ ያኮርፋል፣ ቆይቶ ይለሰልሳል፣
ከዚያ ድንገት እንደ ንጋት ጣና ፊቱ ይበራል።
አባቴ በአውራ ጣቱ አፈሩን ይወጋል፣
በየቀዳዳው ያንቆረቁራል።
ጭሱ እኛ የተኛንበት ይገባል፤
ጉንፋን ነው እንላለን፣ እንስላለን።

ታናሼ ይታያል የተረፈውን ይለቅማል፤
ሽንብራ ሽንብራ የሚያህል ፍሬ።
ገበጣ እንጫወትበታለን።
ሲሸነፍ አንዷን ጉንጩ ውስጥ ይደብቃል፤
«አውጣ!» ስለው፣
«ትጣፍጣለች» ይለኛል።

ሰባት ዓመት ሞላውና ትምህርት ቤት ገባ።
ሰኞ «ሀ»ን ያውቃታል፣ ማክሰኞ አያውቃትም።
እስከ ሱቅ የላኩትን መልእክት መንገድ ላይ ይጥላል፤
ተመልሶ ቢፈልግም አያገኘውም።
አንድ ቀን መምህሩ «እርሳስህ የታለ?» አሉት።
ኪሱን ዳበሰ፣ ፈገግ አለ፣
ያቺን ግራጫ ፍሬ መዳፉ ላይ አድርጎ አሳያቸው።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
እሱም አብሮ ሳቀ፤
የተመታው ኋላ ነው።

አንድ ቃል ነው ያለን፤ አማርኛችን አልለየውም፤
ለሚጽፈውም እርሳስ፣
ለሚያስረሳውም።

እናቴ ግን ጥፋተኛ አላጣችም።
ከአጥሩ ማዶ ጎመን የምትተክል፣ እትዬ ዝማም፣
ልጁን አንዴ «አቤት ሲያምር!» ብላው ነበር፣ እንትፍ ሳትል።
በቃ። ዓይኗ ነው። በልታዋለች።
አሥራ አንድ ዓመት አጥሩ ላይ እሾህ ተጨመረ፣
እሳት መዋዋስ ቀረ፣
የይታያል ጠበል እንኳ በደጇ እንዳያልፍ ዞሮ ይመጣ ነበረ።
አባቴ ሁሉንም ይሰማል፤
ድስቱን ያማስላል።

አባቴ ሞተ። ክብደቱ አብሮ የተሰፋ መረብ ገበያውን ሞላው፤
ድስቱን ቆራሌው ወሰደው።
ምድጃው የነበረበት ሣር አልበቀለም፤
ዝናቡ ግን አልቀረም፤
በየክረምቱ ያጥበዋል፣ ቁልቁል፣ በአጥሩ ሥር።

እኔ ዛሬ ጓንት አጥልቄ አፈር በማንኪያ እሰፍራለሁ፤
ቤተ ሙከራ ነው እንጀራዬ።
የሰው ግቢ ስለካ ኖሬ
የእኛን አምስት ዓመት ፈራሁት።
በሰኔ መጨረሻ አንድ ስንዝር ቆፈርኩ፣
በላስቲክ ቋጥሬ ወሰድኩት።
ወረቀቱ ሲወጣ ቁጥሩን ሁለቴ ለራሴ አነበብኩ፣
ሦስተኛውን ለእናቴ።
እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ።
«አባትሽን አትክሰሺብኝ» ብቻ አለችኝ።

በእሾሁ በኩል ዞሬ ሄድኩ።
«እትዬ ዝማም፣ አንቺ አይደለሽም። አፈሩ ነው» አልኳት።
እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ አለቀሰች፤ ደግሞ ሳቀች፤
«አፈሩ! ወይ አፈሩ!» እያለች
ከእግሯ ሥር እፍኝ ዘግና አሳየችኝ።

ሁለተኛ ወረቀት ነበረኝ፤
በአጥሩ ሥር እጄን አሾልኬ
ከጎመኗ ሥር የዘገንኩት።
ኪሴ ውስጥ ነው። ጣቴ ነክቶታል።
«እትዬ፣ ይኼ ጎመን...» ብዬ ጀመርኩ፤
እሷ ግን ጎንበስ ብላለች፤
ለምለሙን፣ ሰፋፊውን እየመረጠች ትቀነጥሳለች።
በደንገል አሰረችው።
«ለይታያል» አለችኝ፤
«ዛሬስ እንትፍ ብዬበታለሁ።»